መጤ ሁሉ አረም ነውን?



ሰሞኑን በሽኩና ኣሌፍ ከምናውቃቸው ቤተሰቦች ወደ አንዱ ለጥየቃ ጎራ ብለን ነበር። ቡና እየተፈላ ሳለ የአራተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው የቤቱ ልጅ ከትምህርት ቤት የተሰጣትን ወረቀት ይዛ ከአያቷ አጠገብ ተቀመጠች። በወረቀቱ ላይ የዕፅዋትና የነፍሳት ሥዕል አለ፤ ከላይ በትልቁ «ሚኒም ፖልሺም» የሚል ርእስ ተጽፎበታል። ልጅቷ ጮክ ብላ ስታነብ አያትየው ቃሉን ሰምተው ቀና አሉ። «ምን አለች? ፈላሾች ነው ያለችው?» ሲሉ ጠየቁ። እናትየዋ ሳቅ ብላ «አይደለም እማዬ፣ ስለ አረም ነው የምታነበው» አለቻቸው።

ልጅቷ ግን አልሳቀችም። ፈላሻ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀች። አያትየውም በጎንደር አገር ሳሉ ሰው ይጠራቸው የነበረበት ስም እንደሆነ፣ እነርሱ ራሳቸውን ቤተ እስራኤል ይሉ እንደነበር፣ ስሙም አገር የሌለው፣ ከሌላ ቦታ የፈለሰ ለማለት የሚነገር እንደነበር አስረዷት። ልጅቷ ወረቀቷን መልሳ አየችና «ታዲያ እኛም ፖልሺም ነን?» አለች።

ለጊዜው መልስ የሰጠ ሰው አልነበረም። ቡናው ቀረበ፤ ወሬውም ወደ ሌላ ዞረ። ጥያቄው ግን ከእኛ ጋር አብሮ ወጣ።

«ፖሌሽ» የሚለው የዕብራይስጥ ቃል ሳይፈቀድለት የገባ፣ ወራሪ ማለት ነው። «ፈላሻ» የሚለውን ደግሞ አብዛኞቻችን የምናውቀው ፈለሰ ከሚለው የግዕዝ ግስ ጋር አያይዘን ነው። ሁለቱ ቃላት ዘመዳሞች ይሁኑ አይሁኑ የቋንቋ ሊቃውንት ይፍረዱት፤ በአያትየው ጆሮ ግን አንድ ሆነው ተሰሙ። አይፈረድባቸውም። በአማርኛም ቢሆን የግብርና ባለሙያዎች እንዲህ ያለውን ተክል «መጤ አረም» ይሉታል። መጤ የሚለው ቃል ለሰው ሲነገር ምን ያህል እንደሚያቆስል ደግሞ ከመካከላችን የማያውቅ የለም።

ስለዚህ በዚህ እትም አንድ ጉዳይ አንስተን ከእናንተ ጋር ልንመክርበት ወደድን። አንድን ተክል ወይም አንድን ትል ጠላት የሚያሰኘው ከሌላ አገር መምጣቱ ነው ወይስ የሚያደርሰው ጉዳት? ጠላት ከሆነስ እስከ ምን ድረስ ልንዋጋው ይገባል? ለደረሰው ጥፋትስ ተጠያቂው ማን ነው? ጉዳዩ የገበሬ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን ልጅቷ እንዳሳየችን፣ ስለ አረም የምንናገርበት መንገድ ስለ ሰው ወደምንናገርበት መንገድ ለመሻገር አንድ እርምጃ ብቻ ነው የሚቀረው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።)

ከገበታችን እንጀምር

በርበሬ የሌለበት ዶሮ ወጥ ዶሮ ወጥ ነው ብሎ የሚከራከር አበሻ አይገኝም። በርበሬ ግን የአሜሪካ ተክል ነው። ኮሎምበስ በ1492 ባሕር ተሻግሮ አሜሪካ እስኪደርስ ድረስ በኢትዮጵያም፣ በምድረ እስራኤልም፣ በአውሮፓም በርበሬ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ድንች፣ ቲማቲምና በቆሎም እንደዚሁ ናቸው። በአንጻሩ ቡና ከኢትዮጵያ ወጥቶ በየመን በኩል ዓለምን አዳርሷል፤ ዛሬ ከሁሉም አገር አብልጦ ቡና የሚያመርተው ብራዚል ነው። በብራዚል ቡና መጤ ነው፤ ወራሪ ነው የሚለው ግን የለም።

ባሕር ዛፍን እንውሰድ። ስሙ ራሱ ከባሕር ማዶ የመጣ መሆኑን ይመሰክራል። ከአውስትራሊያ ተነሥቶ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የማገዶ እጦት ያስጨነቃት አዲስ አበባ ገባ። በዚያው በ1890ዎቹ ዓመታት በዚህ አገር የሓዴራን ረግረግ ለማድረቅ ተተከለ። ዛሬ ስለ ባሕር ዛፍ ሁለት የኢትዮጵያ ገበሬዎችን ብትጠይቁ ሁለት መልስ ታገኛላችሁ። አንደኛው ውኃውን ይጠጣዋል፣ ከሥሩ ሌላ ሰብል አያበቅልም ይላል። ሌላው ደግሞ ቤቴን የሠራሁበት፣ ልጆቼን ሸጬ ያስተማርኩበት እርሱ ነው ይላል። ሁለቱም እውነት ተናግረዋል።

የዘርፉ ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፣ ከአገር አገር ከሚወሰዱት ዕፅዋት አብዛኞቹ ሰው ካልተንከባከባቸው ራሳቸውን ችለው አይበቅሉም። ጥቂቶቹ ይለምዳሉ። ከለመዱትም ውስጥ ጥቂቶቹ ብቻ ያለ ልክ ተስፋፍተው የነበረውን ይውጣሉ። ፖሌሽ የሚለው ስም የሚገባው ለእነዚህ ለመጨረሻዎቹ ብቻ ነው። እንግዲህ መምጣት አንድ ነገር ነው፤ መዋጥ ሌላ ነገር ነው።

የበለስ ታሪክ

ነገሩን ይበልጥ የሚያብራራልን በዚህ አገር ጻባር የምንለው፣ በትግራይ በለስ የሚባለው እሾኻም ተክል ነው። በዚህ አገር የተወለደውን ሰው ከ1930ዎቹ ጀምሮ «ጻባር» ብለው ይጠሩታል፤ ከውጭ እሾህ፣ ከውስጥ ጣፋጭ ነው ለማለት። እኛ አዲስ መጪዎች ዖሊም ስንባል እነርሱ ጻባሪም ናቸው። ታዲያ የአገር ልጅ ምልክት የሆነው ይህ ተክል ራሱ ዖሌ ነው፤ የትውልድ አገሩ ሜክሲኮ ነው! ባሕር ተሻግሮ መጥቶ አጥር ሆነ፣ ፍሬው ተበላ፣ ሰውም ለመደው፤ ከጊዜ በኋላ ከሌላ ቦታ መምጣቱ ተረሳ።

በትግራይ የገባው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ዛሬ በክረምት ወራት፣ የአምናው እህል አልቆ የዘንድሮው ሳይደርስ፣ ብዙ ቤተሰብ በበለስ ፍሬ ይደጎማል፤ ቅጠሉም ለከብት ይሆናል። ረኀብ ያየ ሰው በለስን ወራሪ አይለውም።

የዚሁ ተክል የቅርብ ዘመድ ወደ አውስትራሊያ በተወሰደ ጊዜ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። የሚበላው ነፍሳት እዚያ ስላልነበረ ያለ ከልካይ ተስፋፋ። በ1920ዎቹ ወደ 24 ሚሊዮን ሄክታር የሚሆን መሬት ሸፍኖ፣ ገበሬዎች እርሻቸውን ጥለው እስኪሄዱ አደረሳቸው። ቢቆርጡት፣ ቢያቃጥሉት፣ መርዝ ቢረጩበት አልሆነም። በመጨረሻ በ1926 ከአርጀንቲና የመጣች አንዲት ትንሽ የእሳት ራት ለቀቁበት። ትሏ የበለሱን ቅጠል ከውስጥ ሆና ትበላዋለች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አብዛኛው መሬት ነጻ ወጣ። ቡናርጋ በምትባል መንደር የሚኖሩ ገበሬዎችም በ1936 የመሰብሰቢያ አዳራሽ ሠርተው በዚያች ነፍሳት ስም ሰየሙት። ለንጉሥ ወይም ለጦር አለቃ ሐውልት ሲሠራ አይተናል፤ ለትል አዳራሽ ሲሠራ ግን ብዙ አልሰማንም።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። ያቺው የእሳት ራት በ1989 በአሜሪካ በፍሎሪዳ ተገኘች። እዚያ ያለው በለስ ደግሞ የአገሩ ተክል ነው። በአውስትራሊያ ባለውለታ የነበረችው በፍሎሪዳ ተባይ ተባለች።

እንግዲህ ልብ እንበል። ተክሉ የአንድ ቤተሰብ ነው፤ ትሏም አንድ ናት። በአንዱ አገር የአገር ምልክት፣ በሌላው የረኀብ ጊዜ መድኅን፣ በሦስተኛው መቅሠፍት ሆኗል። ጥፋቱ በዘሩ ውስጥ ቢሆን ኖሮ በሄደበት ሁሉ ያው በሆነ ነበር። ጉዳት የሚለካው በቦታውና በመጠኑ እንጂ ከየት መጣ በሚለው አይደለም። ይህ የመጀመሪያው መልሳችን ነው።

የተከለው ሰው ዕዳ

ሁለተኛው ጥያቄ ተጠያቂው ማን ነው የሚለው ነው። ተክል እግር የለውም። አብዛኛውን ጊዜ ባሕር ያሻገረው የሰው እጅ ነው፤ እጁም አብዛኛውን ጊዜ በጎ አሳብ የያዘ ነው።

በኢትዮጵያ በአፋር ምድር ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾኻም ዛፍ የተተከለው በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ ነው። አሳቡ መልካም ነበር፤ በረሃውን ለመግታት፣ ጥላና ማገዶ ለማግኘት። ዛፉ ግን ከተተከለበት ወጣ። ከብቶች ፍሬውን እየበሉ ዘሩን ከፋንድያቸው ጋር በየሄዱበት በተኑት፤ የአዋሽ ጎርፍም ወሰደው። ዛሬ ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ የግጦሽ መሬት ይዟል። ሣር ጠፍቶ ከብት ተራበ፤ ወደ ወንዙ የሚወስደው መንገድም በእሾህ ታጠረ። አንዳንድ አፋሮች ይህን ዛፍ የደርግ ዛፍ ብለው ይጠሩታል። ስሙን ያወጡለት ከየት እንደመጣ አይተው ሳይሆን ማን እንዳመጣው አይተው ነው። በዚህ ስም ውስጥ ትልቅ ፍርድ አለ ብለን እናምናለን።

በዚህ አገርም ተመሳሳይ ታሪክ አለ። ከምዕራብ አውስትራሊያ የመጣችው፣ ቢጫ አበባ የምታወጣው ግራር የተተከለችው የአሸዋውን ክምር አስራ እንድትይዝ ነበር። እርሷም የታዘዘችውን ፈጸመች፤ ማቆም ግን አልተቻለም። ብትቆረጥ ከጉቶዋ ታቆጠቁጣለች፤ ዘሯም በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ቆይቶ እሳት ሲነካው ይበቅላል። በአሸዋው ላይ ብቻ ይኖሩ የነበሩ ዕፅዋትና እንስሳት መኖሪያቸውን አጡ። ዛሬ የተፈጥሮ ጠባቂዎች ትናንት የተከሉትን በብዙ ወጪ ይነቅላሉ።

በትግራይ ደግሞ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ በበለስ ቅጠል ላይ የምትኖር፣ ቀይ ቀለም የሚሠራባት ትንሽ ነፍሳት ሆን ተብላ ገባች። ቀለሙን ለውጭ ገበያ ለመሸጥ ታስቦ ነበር። ነፍሳቷ ከታሰበላት ቦታ አምልጣ በደቡብ ትግራይ የድኻውን በለስ ታደርቅ ጀመር። ትርፉን ያሰቡት ሌሎች ነበሩ፤ ኪሳራው ግን በለስ ከመልቀም በቀር ሌላ በሌላቸው ቤተሰቦች ላይ ወደቀ።

እነዚህን ሦስት ታሪኮች አንድ የሚያደርጋቸው ምንድን ነው? ውሳኔው በአንድ ወገን ተሰጠ፤ ዕዳው በሌላ ወገን ተከፈለ። ከብቱ የሚግጥበትን ሰው፣ ፍሬውን የሚለቅመውን ሰው «ይህ ነገር ቢመጣብህ ምን ይሆናል?» ብሎ የጠየቀው አልነበረም። በጎ አሳብ ብቻውን ሰውን ከኃላፊነት አያወጣም። የሚተክል ሰው ተክሉ ከአጥር ቢወጣ ማን ይጎዳል ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ አለበት፤ ከወጣም በኋላ ለመንቀሉ የሚያስፈልገውን ወጪ የተጎዳው ብቻውን ሊሸከመው አይገባም። ዛፉን ረግሞ ተካዩን መርሳት ፍትሕ አይደለም።

መድኃኒትና መጠን

ሦስተኛው ጥያቄ እንዴት እንዋጋ የሚለው ነው። ይህ ወደ ደጃፋችን ያመጣናል።

በሰፈራችን ከብሎኮቹ ጀርባ አንዳንድ እናቶችና አባቶች ጎመን፣ ጤና አዳምና በሶብላ የሚተክሉባት አንዲት ጓሮ እናውቃለን። ባለፈው ዓመት ጎመኑን ክሽክሽ ወረረው። አንድ ጎረቤት፣ ልቡ ቅን የሆነ ወጣት፣ ማንንም ሳያማክር ከሱቅ የተባይ መርጫ ገዝቶ ጓሮውን ሁሉ ረጨ። ክሽክሹ በማግሥቱ ሞቶ ታየ፤ ሰውም አመሰገነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን ክሽክሹ ከፊተኛው በዝቶ ተመለሰ። የጓሮዋ ባለቤት የሆኑት እናት ጎመኑን ለልጅ ልጆቻቸው ለማብላት ፈርተው ነቅለው ጣሉት። ከወጣቱም ጋር ለብዙ ጊዜ ተኳርፈው ቆዩ።

ክሽክሹ ለምን በዝቶ ተመለሰ? መርዙ የገደለው ክሽክሹን ብቻ ስላልሆነ ነው። ጀርባዋ ቀይ ሆኖ ጥቁር ነጠብጣብ ያላት ትንሿ ጥንዚዛ ክሽክሽ ትበላለች፤ ግልገሏም ትበላለች። በዕብራይስጥ «ፓራት ሞሼ ራቤኑ»፣ የመምህራችን የሙሴ ላም ይሏታል። ይህችን ላም አብረን ገደልናት። ክሽክሽ በጥቂት ቀናት ይራባል፤ ጥንዚዛዋ ግን ትዘገያለች። ስለዚህ ከመርዙ በኋላ ጠላት የሌለው ክሽክሽ ባዶ ሜዳ አገኘ። ከዚህም በላይ መርዝ በተደጋገመ ቁጥር ከመርዙ የሚተርፉት ጠንካሮቹ ናቸው፤ የሚወልዱትም እንደነርሱ የጠነከሩ ይሆናሉ። ገበሬውም ዘንድሮ አንድ ጊዜ የረጨውን በሚቀጥለው ዓመት ሁለት ጊዜ፣ ከዚያም ሦስት ጊዜ ለመርጨት ይገደዳል።

በአማርኛችን የተባይ መርዝን «መድኃኒት» እንለዋለን። ስሙ ያታልላል። መድኃኒት መድኃኒት የሚሆነው መጠን ሲኖረው፣ በሽታው ሲታወቅ፣ በሽተኛውም ሲጠየቅ ነው። ያለ እነዚህ ያው መርዝ ነው።

ዛሬ በዓለም ላይ ተቀባይነት ያገኘው የተባይ መከላከያ ዘዴ የሚጀምረው ከመቁጠር ነው። ገበሬው ማሳውን ዞሮ ያያል፤ ምን ተባይ እንዳለ፣ ስንት እንደሆነ፣ የተባዩ ጠላቶችም እንዳሉ ይመረምራል። ጉዳቱ ከመከላከያው ወጪ ካልበለጠ ይተወዋል። ከበለጠ በመጀመሪያ ቀላሉን መንገድ ይሞክራል፤ በእጅ መልቀም፣ ሰብል ማፈራረቅ፣ የተባዩን ጠላት መጋበዝ። መርዝ የመጨረሻው ነው፤ እርሱም በታመመው ቦታ ላይ ብቻ ይረጫል። አሳቡ ተባይን ከምድር ማጥፋት ሳይሆን ከልክ እንዳያልፍ መያዝ ነው። አባቶቻችንም ይህን ፈጽሞ የማያውቁት አልነበረም። አመድ የነሰነሱት፣ ዘር ያፈራረቁት፣ ማሳውን ማልደው ዞረው ያዩት ለዚሁ ነበር።

በዚህ አገር በቤት ሸአን ሸለቆ የሚገኘው ስዴ ኤሊያሁ የተባለው ኪቡጽ በዚህ ሥራ የታወቀ ነው። ተባይ የሚበሉ ነፍሳትን አርብቶ ለገበሬዎች ይሸጣል። በዓራቫ በርበሬና ቲማቲም በሚመረትባቸው ዳሶች ውስጥ እነዚህ ነፍሳት ተለቀው የመርዙን መጠን በእጅጉ ቀንሰዋል። በዚያው በዓራቫ መኻን የተደረጉ ወንድ የፍሬ ዝንቦች በብዛት ይለቀቃሉ፤ ሴቷ ከእነርሱ ጋር ተገናኝታ የምትጥለው እንቁላል አይፈለፈልም። በአዲስ አበባም ቃሊቲ ላይ ለከብት የገንዲ በሽታ የሚያስተላልፈውን የቆላ ዝንብ በዚሁ ዘዴ ለመቀነስ መራቢያ ጣቢያ ተሠርቷል።

ስዴ ኤሊያሁ ሌላም ትምህርት ሰጥቷል። ከ1983 ጀምሮ አይጥን በመርዝ ከመግደል ይልቅ ለጉጉት የጎጆ ሣጥን በማሳ ዳር መስቀል ጀመረ። አንድ የጉጉት ጥንድ ከጫጩቶቹ ጋር በዓመት ከ2,000 በላይ አይጥ ይበላል። ጉጉት በእኛ ዘንድ የመርዶ ወፍ ናት፤ በጣሪያ ላይ ጮኸች ከተባለ ሰው ይደነግጣል። በዮርዳኖስም እንዲሁ ትፈራ ነበር። ሆኖም የዮርዳኖስና የፍልስጤም ገበሬዎችም ሣጥኑን ሰቀሉ። የተፈራችው ወፍ ሥራዋ ሲታይ የእርሻ ጠባቂ ሆና ተገኘች።

ይሁንና ነፍሳትን በነፍሳት መዋጋት ሁልጊዜ ይሳካል ማለት አይደለም። በ1935 አውስትራሊያውያን የሸንኮራ አገዳ ጥንዚዛን እንዲበላላቸው ከሃዋይ አንድ ትልቅ መርዛም እንቁራሪት አመጡ። እንቁራሪቱ ጥንዚዛውን ትቶ ሌላውን ሁሉ በላ፤ የበሉትንም እንስሳት በመርዙ ገደለ፤ እስከ ዛሬም መቅሠፍት ሆኖ ቀርቷል። በአንጻሩ የዚህ አገር ተመራማሪዎች በ2013 በሰሜን የአገሪቱ ክፍል የጻባርን ቅጠል የሚያደርቅ ነፍሳት በታየ ጊዜ፣ ከሜክሲኮ ያመጧቸውን ጠላቶቹን ወዲያው አልለቀቁም። ሌላ ነገር እንደማይበሉ ዘግተው መርምረው ነው የለቀቋቸው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ መጀመሪያ መጠየቅ፣ ኋላ መልቀቅ።

ለርኅራኄም ወሰን አለው

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። «እናንተ በከተማ ተቀምጣችሁ መጥኑ ትላላችሁ፤ ማሳው እየተበላ ያለ ሰው ለመመጠን ጊዜ አለውን?» የሚል። ተቃውሞው እውነት አለው። ከ2019 እስከ 2021 የበረሃ አንበጣ በኢትዮጵያ የደረሰ ሰብል ሲያጭድ፣ ገበሬው ጅራፍ እያጮኸ፣ ቆርቆሮ እየመታ ቢያባርረውም የማይቻል ሆኖ መርዝ በአውሮፕላን ተረጨ። በመጋቢት 2013 ከግብፅ ተነሥቶ ወደ እኛ ወደ ኔጌቭ በመጣ ጊዜም ተረጭቷል። በዚያን ጊዜ አትርጩ ማለት ለተራበው ተራብ ማለት ነው። በ2017 አዲስ ተምች ከአሜሪካ በአፍሪካ በኩል ኢትዮጵያ ገብቶ በቆሎውን ሲበላ፣ መርዝ መግዣ ያጣው ገበሬ ከነቤተሰቡ ትሉን በእጁ እየለቀመ ሰብሉን ያዳነበት ቦታም አለ።

እምቦጭንም እናስታውስ። በ2011 በጣና ሐይቅ ላይ መታየቱ ከተረጋገጠ ወዲህ በደንቢያና በዙሪያው ዓሣ አጥማጁን ከሥራ፣ ከብቱን ከውኃ አገደ። ሰዎች ደረታቸው ድረስ በውኃ ውስጥ ቆመው በእጃቸው ነቀሉት። እምቦጭ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ መጤ ነው ብሎ ሊያዝንለት የሚገባ ሰው የለም። አበባው ያምራል፤ ቢሆንም መነቀል አለበት። እኛ የምንለው መንቀል ኃጢአት ነው አይደለም። የምንለው፣ የሚነቀለው ስለሚጎዳ እንጂ ባዕድ ስለሆነ አይደለም፤ ሲነቀልም የተጎዳው ሰው ይጠቀም እንጂ ሌላ ጉዳት አይጨመርበት ነው። ኦሪታችን በጦርነት ጊዜ እንኳ፣ ከተማ ተከቦ ሳለ፣ የሚበላ ፍሬ የሚሰጠውን ዛፍ እንዳንቆርጥ ያዝዛል። በቁጣ ጊዜ መጠንን መጠበቅ ከባድ ነው፤ ትእዛዙም ለዚያው ለቁጣ ጊዜ ተሰጠ።

ለዚህም ነው በእርሻ፣ በዳስና በአትክልት ሥራ ለተሰማራችሁ ወገኖች ይህን አደራ የምንላችሁ። የተረጨበት ማሳ ውስጥ የመግቢያ ጊዜው ሳይደርስ አትግቡ። የመርዙ ጽሑፍ በማታውቁት ቋንቋ ከሆነ የሥራ ኃላፊውን አስነብቡት፤ መጠየቅ አያሳፍርም። የመርዝ ዕቃ ቢታጠብም ውኃና ዘይት አትያዙበት። የሠራችሁበትን ልብስ ከልጆች ልብስ ለይታችሁ እጠቡ። ርካሽ አትክልት በአንዱ ጤና ሊገዛ አይገባም።

ለልጅቷ የምንሰጠው መልስ

አሁን ወደ ልጅቷ እንመለስ። «እኛም ፖልሺም ነን?» ብላ ነበር የጠየቀችው።

መልሳችን ይህ ነው። አይደላችሁም። ምክንያቱም እንኳን ሰው፣ ተክልም በመምጣቱ ብቻ ፖሌሽ አይባልም። በርበሬ መጥቷል፤ ጻባር መጥቷል፤ በእጅሽ የያዝሽው የበቆሎ እሸትም መጥቷል። ከዚህም የሚበልጥ ምክንያት አለ። ተክል አያስብም፤ ቃል አይገባም፤ «እዚህ ያለውን ሰው ጎድቼ ይሆን?» ብሎ ራሱን አይጠይቅም። ሰው ይጠይቃል፣ ይማራል፣ ይካሳል፣ ይታረቃል። ስለዚህ ተክል በሚመዘንበት ሚዛን ሰውን መመዘን ከመጀመሪያው ስሕተት ነው። ተክልን በጅምላ፣ በዘሩ ስም እንጠራዋለን፤ ሰውን ግን አንድ በአንድ፣ በሥራው ነው የምናውቀው። አያትሽን በጎንደር ፈላሻ ያሏቸው ሰዎች የተሳሳቱት ይህን ረስተው ነው። ባለ ርስቱ ጎረቤት የማረሻቸውን ብረትና የማሰሯቸውን ሸክላ እየገዛ፣ የሠሩለትን ሰዎች ግን ባዕድ አላቸው።

እኛም እንጠንቀቅ። ነገ በዚሁ ሰፈር ከእኛ በኋላ ሌላ አዲስ ቤተሰብ ይመጣል፤ ከሌላ አገር፣ በሌላ ቋንቋ። ያን ጊዜ ቃሉ በእኛ አፍ እንዳይገኝ። አረም ገና ቡቃያ ሳለ በሁለት ጣት ይነቀላል፤ ከሰደደ በኋላ ግን ዶማ ይፈልጋል። ክፉ ቃልም እንዲሁ ነው፤ በቤት ውስጥ፣ በልጅ ፊት በቀላሉ ሲነገር ነው መታረም ያለበት።

በመጨረሻም ጥፋታችንን እንናገር። ልጅቷ በጠየቀችበት ቀን ከትልልቆቹ መካከል የመለሰላት አልነበረም፤ እኛም እዚያው ነበርን። ጥያቄው ስለከበደን የቡናውን መቅረብ እንደ ሰበብ ያዝነው። በሚቀጥለው ጥየቃችን ይህን ጽሑፍ ይዘንላት እንሄዳለን፤ ዕብራይስጡን ለራሷ፣ አማርኛውን ለአያቷ። እናንተም ልጆቻችሁ እንዲህ ያለ ጥያቄ ይዘው ሲመጡ፣ መልሱ ሙሉ ባይሆንም እንኳ፣ ቡናው ይቆይ፤ ልጁ ይቅደም።

ሰላም ሁኑ።